«ይበል» ስንል ምን ማለታችን ነው?

«ይበል የሚያሰኝ» የሚለውን አባባል የማያውቅ የለም። ዜና አንባቢው ለችግኝ ተከላ ይጠቀምበታል፣ የመድረክ መሪው ለስፖንሰሩ፣ የመጽሐፍ ምረቃ ተናጋሪው ደግሞ ገና ላላነበበው መጽሐፍ። የአባባሉን ሥር መቆፈር የቋንቋ ሰዎች ሥራ ነው። እኔን የሚያስቀናኝ ግን «ይበል» ዛሬም ዋጋ ያለው ቃል የሆነበት ቦታ መኖሩ ነው። ማኅሌት ላይ አንድ ባለቅኔ ተነሥቶ ቅኔውን ሲያሰማ፣ ሊቃውንቱ ከወደዱት «ይበል!» ይላሉ። ካልወደዱትስ? ዝም ነው። ያ ዝምታ ደግሞ ከስድብ ይከብዳል።

እንግዲህ «ይበል» ባዩ ማን እንደሆነ ልብ በሉ። ግዕዙን የሚያውቅ፣ ሰሙን ከወርቁ እዚያው በጆሮው የለየ፣ ነገ ደግሞ በተራው ተነሥቶ የሚደመጥ ሰው ነው። ያለ ቦታው «ይበል» ቢል አጠገቡ የቆሙት ይታዘቡታል። ስለዚህ ቃሉን ይቆጥበዋል። የሚቆጠብ ቃል ስለሆነም የተባለለት ሰው እስኪያረጅ ያስታውሰዋል።

አሁን ወደ እኛ የግጥም ምሽት እንምጣ። ሃያ ገጣሚ ይወጣል፣ ለሃያውም ይጨበጨባል። ሲወርዱ «ብዕርህ ይለምልም»፣ «ቀለምሽ አይድረቅ»፣ «በርታ ወንድሜ» ይባላሉ። ደግ ቃል ነው፣ ክፋት የለበትም። ችግሩ ለሁሉም አንድ መሆኑ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አንዲት ቃል ስትፈልግ ያደረችው ልጅና ታክሲ ውስጥ ጽፎ የመጣው ልጅ እኩል ይጨበጨብላቸዋል። በሦስተኛው ወር ልጅቷም ታክሲ ውስጥ መጻፍ ትጀምራለች። ምን ታድርግ? ሰው እንዳልሰማት ገብቷታል እኮ።

«ወጣቱ ጸሐፊ ማበረታቻ አጣ» የሚለውን ሙሾ ስሰማ የማልስማማው ለዚህ ነው። ማበረታቻማ ሞልቶናል፤ የጠፋው አድማጭ ነው። የሰማውን ይዞ ቁጭ የሚል፣ «ሦስተኛው ስንኝህ ላይ ምን ማለትህ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ፣ በሚቀጥለው ወር ስትመጣ ያለፈውን የሚያስታውስልህ ሰው።

አንድ ማኅበር ከአባላቱ ጥሩ ሥራ እንዴት ያወጣል? ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት ይዞት የታገለው ቤት ሩቅ አይደለም። በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን ያልፋል። ከዚያ መሥመር ወጥቶ ወደ ደጋው የሚወጣ ሰው ፈረስ ቤትን ያገኛል፤ የደጋ ዳሞት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ ሁሉ፣ ከዚህ ደጋ እስከ ደብረ ኤልያስና እስከ ዲማ ጊዮርጊስ፣ የቅኔ አገር ነው። ጎጃም ውስጥ ዋሸራና ጎንጅ ሲባል የቦታ ስም ብቻ አይደለም። ከወሎው ዋድላ ጋር ሆነው የቅኔ ስልት መጠሪያ ናቸው፤ ተማሪው የማን ወገን እንደሆነ የሚለይባቸው።

የቅኔ ተማሪን ምስል ሁላችንም እናውቀዋለን። ደበሎ፣ አኮፋዳ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም»፣ የሚያባርር ውሻ። ሥዕሉ ስለለመደን ይመስለኛል የትምህርቱን አሠራር ማየት የተውነው። እስኪ ድህነቱን ለጊዜው ወደ ጎን አድርገን የቀኑን ሥራ እንየው።

ተማሪው መጀመሪያ ግስ ያጠናል፣ አገባብ ይማራል። ከዚያ «ቆጠራ» አለ። ብቻውን ጥግ ይዞ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከመቃብር አጠገብ ተቀምጦ፣ ወረቀት ሳይዝ ቅኔውን በሐሳቡ ይሠራል። ቀጥሎ «ነገራ» ይመጣል። በየተራ እየቀረበ የቆጠረውን ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ይሰማሉ፣ ያርማሉ፣ ያቃናሉ። አንዳንዴ አንዲት ቃል ይለውጣሉ፣ አንዳንዴ «ተወው፣ ሌላ አምጣ» ይላሉ። ብዙ ተማሪ ሲኖር ጀማሪዎቹን የሚያዳምጥ «አስነጋሪ» የሚባል የበሰለ ተማሪ አለ። የኔታም ቁጭ ብለው ሲያርሙ ብቻ አይውሉም፤ ራሳቸውም ይቀኛሉ። ተማሪዎቹ የእሳቸውን ቅኔ ተቀብለው እየደጋገሙ ይይዙታል፤ «ቅጸላ» ይሉታል። ነገ ደግሞ ሁሉም አዲስ ነገር ይዞ ይመጣል። የትናንቱ አይሠራም፣ የሰው ቅኔ ደግሞ ነውር ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ «በርታ» የሚል ሰው ላይኖር ይችላል። ግን ተማሪው በየቀኑ ይደመጣል። የሚያዳምጠው ሰው ከእሱ የተሻለ ያውቃል፣ ያዳመጠውን ያርማል፣ ያረመውን ነገ ይጠይቃል። ከዚህ በላይ ማበረታቻ ካለ ንገሩኝ።

እርማቱ ምን እንደሚመስል በማሳያ ላሳይ። የቤተ ክህነቱ ቅኔ በግዕዝ ነው፤ እኔ ግን ለዚህ ጽሑፍ ስል በአማርኛ ሁለት ስንኝ ገጥሜያለሁ። የፈረስ ቤት ስም ራሱ ለጀማሪ ገጣሚ ወጥመድ ነው። «ፈረስ ቤት»ን ትንሽ ላላ አድርገው ቢጠሯት «ፈረሰ ቤት» ትሆናለች። ቤት ደግሞ መኖሪያም ነው፣ ስንኝ የሚያርፍበትም ነው። እና ጀማሪው ሮጦ እንዲህ ይላል፦

ምሰሶ ሳላቆም ለመድረስ ቸኩዬ፣
ፈረስ ቤት አደርኩኝ ግጥም ላንብብ ብዬ።

የግጥም ምሽት ላይ ይህ ይጨበጨብለታል። ምቱ ልክ ነው፣ ቤቱ ይመታል፣ ጨዋታውም ቶሎ ይገባል። የኔታ ፊት ግን ነገሩ ሌላ ነው። እንዲህ የሚባል ይመስለኛል፦ «ልጄ፣ ሰምህ ማነው?» «መንገደኛ ነው፣ የኔታ።» «መንገደኛ ምሰሶ ምን ያደርግለታል?» ዝም። ምሰሶ ለወርቁ፣ ማለትም ለሚፈርሰው ቤት ብቻ የመጣ ቃል ነው። በሰሙ በኩል ሥራ የለውም፣ ዝም ብሎ ቆሟል። «ግጥም ላንብብ» የሚለውም ወርቁን ከነገላው አውጥቶ ያሳያል፤ አድማጩ የሚፈታው ነገር አልቀረለትም። ታዲያ ይሂድና እንደገና ይቁጠር። ምናልባት እንዲህ ብሎ ይመለሳል፦

መነሻውን ሳላይ ላቀና ቸኩዬ፣
ፈረስ ቤት አደርኩኝ ልጨርሰው ብዬ።

አሁን «መነሻ» ለመንገዱም ለግንቡም ሆነ። «ማቅናት» ወደ አንድ አገር መሄድም ነው፣ የተጣመመን ማስተካከልም ነው። «ልጨርሰው» ሲል መንገዱን ይሁን ሥራውን አልነገረንም። ቅኔ ነው ብዬ አልኮራበትም። ጠንከር ያለ መምህር «ፈረስ» እና «ፈረሰ» በአንዲት ፊደል ይለያያሉ፣ ኅብሩ አልሞላም ብሎ ሊመልሰውም ይችላል። ግን ሁለቱን አስተያዩዋቸው። ሁለተኛውን ያስገኘው «መንገደኛ ምሰሶ ምን ያደርግለታል?» የሚል አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ደግሞ ጭካኔ የለበትም። መምህሩ ስንኙን ከባለቤቱ በላይ አክብረው ይዘውታል ማለት ነው።

ሌላው የምወድላቸው ነገር ከትንሽ ማስጀመራቸው ነው። የመጀመሪያው ቅኔ ጉባኤ ቃና ይባላል፤ 2 ቤት ብቻ ነው። ከዚያ 3 ቤት ያለው ዘአምላኪየ፣ እያለ እያለ ዋዜማ 5፣ ሥላሴ 6፣ መወድስ 8 ይደርሳል። 2 ቤት ማቆም ያልቻለ ሰው 8 እንዲያቆም አይጠየቅም። እኛ ዘንድ የጀማሪ የመጀመሪያ ሥራ ምንድነው? ብዙ ጊዜ መድበል ነው! መቶ ምናምን ገጽ፣ በራሱ ወጪ ታትሞ፣ መግቢያው ላይ አንድ ታዋቂ ሰው ስለ «ተስፈኛው ብዕር» ሁለት ገጽ ጽፎለት፣ ምረቃው ላይ ጓደኞቹ በይሉኝታ ገዝተውት። ከዚያ በኋላ ስለ መጽሐፉ አንድ ሰው እንኳ አንድ መሥመር አይጽፍም። ልጁም መደርደሪያው ሥር በካርቶን የቀረውን ኮፒ እያየ «ሕዝቡ አያነብም» ይላል። እኔ ደግሞ 2 ስንኙን የሚሰማለት ሰው ቢያገኝ ኖሮ መድበሉ ላይ አይቸኩልም ነበር እላለሁ።

የገንዘቡ ነገርም ይገርማል። የቅኔ ተማሪን የሚመግበው ገበሬው ነው። ግዕዝ አይሰማም፣ ቅኔውን ሊፈታው አይችልም፤ ቁራሽ እንጀራውን ግን ይሰጣል። ትምህርቱ የቆመው በዚህ ነው። ዛሬ ገጣሚው ለማተሚያ ቤት ራሱ ይከፍላል፤ በየደጁ ቁራሽ የሚሰጠው ሰው የለም፣ እሱም አኮፋዳ አልያዘም። (አኮፋዳውን እንመልስ እያልኩ አይደለም። በብርድ ሌሊት ጎጆ ውስጥ ተኝቶ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው የቆሎ ተማሪን ኑሮ የሚናፍቀው።)

ጥሩ ነገር የሚወጣው በየኔታ ፊት ብቻ ነው ብዬ ደግሞ አልደርቅም። አዝማሪ ቤት ግቡ። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ይዞራል፤ አንዱ ከመቀመጫው «ተቀበል!» ይላል። ስንኙን ይወረውራል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል። እዚያ ማንም ግጥም ማዋጣት ይችላል፤ ሹፌሩም፣ ነጋዴውም፣ ጠጅ የጠጣውም። ታዲያ ለምንድነው ቤቱ ሁልጊዜ በመጥፎ ግጥም የማይሞላው? አንደኛ ነገር ስንኝህ ወዲያው በሰው ፊት ይዘፈናል፤ ደካማ ከሆነ የሚያፍረው አዝማሪው ሳይሆን አንተ ነህ። ከዚያ ደግሞ ከጥግ ያለው ሰውዬ በአንተው ላይ ተነሥቶ የተሻለ ይወረውራል። አዝማሪውም ሞኝ አይደለም፤ የተሰባበረውን ምት እያዜመ ጠገን ያደርገዋል፣ ባለቤቱም ትክክለኛውን እዚያው ይሰማዋል። ያው እርማት ነው፤ ሳቅ ለብሶ መጣ እንጂ። አዝማሪ ቤቱና ቅኔ ቤቱ በባሕርይ አይገናኙም፣ ሁለቱም ዘንድ ግን የሰጠኸው ነገር ሳይነካ ወደ አንተ አይመለስም።

ከተማም ገብቶ ያውቃል ይህ ነገር። የቀድሞው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በየዓመቱ የኮሌጅ ቀን ሲያከብሩ የግጥም ውድድር ነበራቸው። ግጥሞቹ ይቀርባሉ፣ ይዳኛሉ፣ የተመረጡት በሕዝብ ፊት ይነበባሉ። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል»ን ያቀረበው እዚያ ነው፤ ግጥሙ ዛሬም የተማሪው እንቅስቃሴ ታሪክ በተጻፈ ቁጥር ስሙ ይነሣል። ስለ ፖለቲካው ብዙ ተብሏል። እኔ የማየው ሌላውን ነው። የሚያስፈራ አድማጭ ነበር። ሹሙ የሚሰማው እያንዳንዱን ቃል እየመረመረ ነው፣ ተማሪውም እንደዚያው። እንዲህ የሚሰማ አዳራሽ ፊት የሚቆም ልጅ ታክሲ ውስጥ ጽፎ አይመጣም።

ዝርው ጽሑፍ ላይም ይሠራል ወይ ለሚል ሰው፣ ሐዲስ ዓለማየሁ አሉ። በልጅነታቸው በጎጃም የቤተ ክህነትን ትምህርት፣ ቅኔን ጨምሮ፣ ተምረዋል። በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ጉዱ ካሣ ሲናገር አድምጡት። አንድ ነገር እያወራ ሌላ ነገር ይነካል፤ የሰማው ሰው እቤቱ ከገባ በኋላ ነው የሚገባው። እንዲህ ዓይነት ዐረፍተ ነገር መጻፍ የሚቻለው የሚፈታው ሰው አለ ብሎ ለሚያምን ነው። «አንባቢ አይገባውም» ብሎ የሚነሣ ጸሐፊ ሁሉንም ነገር ሁለቴ ያብራራል። የዛሬ አጫጭር ልቦለዶቻችን መጨረሻ ላይ ያለችው የማብራሪያ አንቀጽ ከዚያ ነው የመጣችው፤ ቆርጣችሁ ጣሏት፣ ምንም አይጎድልም።

እና ምን ይደረግ? ሃያ ገጣሚ የሚያወጣ ምሽት ስድስት ያውጣ። ለእያንዳንዱ ካነበበ በኋላ አሥር ደቂቃ ይሰጠው፤ ለጭብጨባ ሳይሆን አንድ ሰው ተነሥቶ አንድ ስንኝ ጠቅሶ እንዲጠይቀው። የሚጠይቀው ደግሞ በሚቀጥለው ወር የሚያነብ ሰው ይሁን። ምዕራብ ጎጃም ገጠር ውስጥ ወንፈል የሚሉት አሠራር አለ። ዛሬ ያንተን እርሻ እናርማለን፣ ነገ የኔን። ደቦ ላይ ባለቤቱ ደግሶ ይጠራል፤ ወንፈል ላይ ግን የሰጠኸው የሥራ ቀን በቀን ይመለስልሃል። የለገመ ሰው የራሱ ተራ ሲደርስ ያያታል። መጽሐፍ ምረቃዎቻችን ደቦ ናቸው፤ ተደግሶ ይበላል፣ ይጨበጨባል፣ ይኬዳል። የጎደለን የንባብ ወንፈል ነው። አራት ልጆች፣ በየሁለት ሳምንቱ፣ አንዱ የሌላውን ሁለት ገጽ ከእርሳስ ጋር ይዞ። እርማትና እርማት አንድ ቃል መሆናቸውን ገበሬው ያውቀዋል፤ አረም ሳይነቀል እህሉን «በርታ» የሚል የለም።

አንድ መልስ የሚፈልግ ተቃውሞ አለ። «እንዲህ ከተጠነከረ አዲስ ሰው ይፈራል፤ ዓይን አፋሩ፣ ከገጠር የመጣው፣ ሴቷ ጭራሽ አይመጡም» ይላሉ። እውነት አለው። ቅኔ ቤትም ንጹሕ አይደለም። አለንጋ ነበረበት፣ ተረብ ነበረበት፣ ያልቻለው ልጅ ተዋርዶ የሚሸሽበት ቀን ነበር። ሴት ደግሞ በሩ ላይ ነው የቀረችው። እርማት ያለ ፍቅር ሲሆን ምን እንደሚያደርግ ያዩ ሰዎች ናቸው ዛሬ ለሁሉም እኩል የሚያጨበጭቡት፤ አልፈርድባቸውም። ግን የጭብጨባው ምሽትም እኮ ሰው ያባርራል። የሚያባርረው ቀስ ብሎ ነው፤ ከሁሉ በላይ የለፋችውን ልጅ።

ስለ ሴቷ ነገር ካነሣን የእማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ስም ሳንጠራ አናልፍም። ዐይነ ስውር ነበሩ። አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩና ከአባታቸው ተማሩ። ማኅሌቱ የወንዶች ሆኖ ሳለ፣ ጎጃም ውስጥ ጽላሎ በተባለው ቦታ ጉባኤ ዘርግተው ለወንዶች ቅኔ አስተማሩ፤ ከእሳቸው ተምረው መምህር የሆኑ አሉ። ይህን የሚያህል ነገር «ሴቶችን እናበረታታ» በሚል መፈክር የመጣ አይደለም። አንድ አባት ልጃቸው የተናገረችውን ሰምተው፣ እንደማንኛውም ተማሪ አርመው፣ ነገ ሌላ ስላስመጧት ነው።

የጽላሎውን ጉባኤ ሳስበው ሁልጊዜ አንድ ነገር ይመጣብኛል። ተማሪው ሊነግር ይቀርባል። ቀሚሱ ንጹሕ ይሁን ቆሻሻ፣ ፊቱ ይፍራ ይድፈር፣ መምህሯ አያዩም። የማን ልጅ መሆኑን ከልብሱ አይለዩም። የሚደርሳቸው ቅኔው ብቻ ነው፤ ሰሙ፣ ወርቁ፣ የተሳሳተችው አንዲት አገባብ። እሷን ይነግሩታል፣ እሱም ሊቆጥር ተመልሶ ይሄዳል።